ከፍሪጃችሁ ጀርባ ያለው ሃምሳ ግራም

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ፍሪጃችሁን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አድርጉና ከጀርባው፣ ካልሆነም በሩን ስትከፍቱ ከውስጥ በጎን በኩል የተለጠፈችውን ወረቀት በስልካችሁ መብራት አንብቡ። ቮልቴጁን፣ ዋቱን፣ የተሠራበትን አገር እለፉና የጋዙን ስም የያዘውን መስመር ፈልጉ። ፍሪጁ አዲስ ቢጤ ከሆነ አር 600ኤ የሚል ጽሑፍ፣ ከአጠገቡም 40 ወይም 50 ወይም 60 ግራም የሚል ቁጥር ሳታገኙ አትቀሩም። ኮምፕሬሰሩ አካባቢ ደግሞ ነበልባል የተሣለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይኖራል።

አር 600ኤ አይሶቡቴን ነው። አይሶቡቴን ደግሞ ለወጥ ማብሰያ በሲሊንደር ለምንገዛው ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው። አዎ፣ ወተታችሁን የሚያቀዘቅዘው የሚነድ ጋዝ ነው! ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ፍሪጁን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎሪጥ ያየዋል። እኔ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ግርምቱ ይበዛብኛል፤ ምክንያቱም ይህ ማሽን ወጥ ቤታችሁ ጥግ ቆሞ ዓመታት ሲሠራ አደጋው ከምንም አይቆጠርም። አደጋው ተጠራቅሞ የሚመጣው በአንዲት ሰዓት ውስጥ ነው፤ ፍሪጅ ሠሪው መጥቶ ቧንቧውን በሚከፍትባት ሰዓት። በእኛ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡና ሃና ማርያም፣ ያቺ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የምታልፈው ወርክሾፕ ውስጥ ሳይሆን በሰው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የባለሙያው ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀት ያጓጉዛል። በቀጭን ቧንቧ ተጨምቆ የገባ ፈሳሽ ጋዝ ከውስጥ በኩል ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከምግባችሁ ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ያንን ተን ስቦ ይጨምቀዋል፣ ተኑም ይግላል፤ ከጀርባ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ያስረክብና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ጀርባው ሁልጊዜ ሞቅ የሚለው ለዚህ ነው። ይህንኑ ማሽን አዙሩትና ከውጭው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ቤት ወይም ወደ ውሃ ታንከር እንዲያስገባ አድርጉት፤ ሂት ፓምፕ ይባላል። አውሮፓ ውስጥ በክረምት ቤት የሚያሞቁት በዚህ ነው። አዲስ አበባ አየሯ ስለሚስማማን ሂት ፓምፕ እምብዛም አናይም፤ ነገር ግን ቧንቧውም፣ ኮምፕሬሰሩም፣ የጋዙም ጣጣ አንድ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ነው፤ የቤት ፍሪጅ ሃምሳ ግራም ይይዛል፣ ቤት የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ በመቶዎች ግራም ይቆጠራል።

ታዲያ ማን አስቦ ነው የሚነድ ጋዝ ቤታችን ያስገባው? ታሪኩ ዙሪያ ጥምጥም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያዎቹ ፍሪጆች አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ የሚባሉ መርዛማ ጋዞችን ይጠቀሙ ነበር። አልበርት አይንስታይን ራሱ፣ አዎ ያው የሪላቲቪቲው አይንስታይን፣ በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ በወጣ ጋዝ ተመርዞ መሞቱን ጋዜጣ ላይ አንብቦ በ1926 ከሊዮ ዚላርድ ጋር ጋዝ የማያፈስ ፍሪጅ መንደፍ ጀምሮ ነበር። በ1930 አሜሪካዊው ቶማስ ሚድግሌይ በኬሚስቶች ስብሰባ ፊት ቆሞ አዲስ ጋዝ በአፉ ስቦ ወደ ሳንባው አስገባ፤ ከዚያ በሚነድ ሻማ ላይ እፍ ብሎ አጠፋው። አይመርዝም፣ አይነድም፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ፍሪዮን የተባለው ይህ ጋዝ ዓለምን የያዘው እንዲህ ነው።

ዕዳው የመጣው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እነዚያ ጋዞች የኦዞንን ንጣፍ እንደሚበሉ በ1974 ተጻፈ፣ በ1985 የአንታርክቲካ ቀዳዳ ታየ፣ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያ በ1994 ገባችበት። ፍሪዮንን የተካው አር 134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን አንድ ኪሎው ምድርን የሚያሞቀው 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው። ይህን ሁሉ አይተው በ1993 በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የሻርፈንሽታይን ፍሪጅ ፋብሪካ ሠራተኞች ከግሪንፒስ ጋር ሆነው የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል የሞሉበት ፍሪጅ ገበያ ላይ አወጡ። ሌሎቹ ፋብሪካዎች መጀመሪያ አሾፉ፣ ቀጥሎ ተከተሉ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ፍሪጆች በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። በ2016 ደግሞ ኪጋሊ ላይ አገሮች እነ አር 134ኤንና አር 410ኤን ቀስ በቀስ ለመቀነስ ተስማሙ፤ እኛ ያለንበት የአዳጊ አገሮች ምድብ ከ2024 ጀምሮ መጠኑን ባለበት ማቆም፣ እስከ 2045 ድረስ ደግሞ በ80 በመቶ መቀነስ ይጠበቅበታል። የማይነደው ጋዝ እየተወደደ፣ የሚነደው እየበዛ ይሄዳል ማለት ነው።

አሁን ወደምወደው ስሌት እንምጣ። አይሶቡቴን እንዲነድ ከአየሩ ቢያንስ 1.8 በመቶውን መያዝ አለበት። ከዚያ ካነሰ ክብሪት ብትጭሩበትም አይነድም። በባሕር ጠለል ላይ ይህ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 43 ግራም ግድም ነው። እኛ ግን 2,300 ሜትር ግድም ላይ ነን፤ አየራችን ሳስቶ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሆኗል። አየሩ ስለሳሳ ያንኑ 1.8 በመቶ ለመሙላት 33 ግራም ግድም ይበቃል። የውጭ አገሩ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ለእኛ ትንሽ ለጋስ ነው፤ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ብዙ አይደለም።

አንድ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት አስቡ፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ተኩል። አሥር ሜትር ኩብ ነው። ይህ ክፍል በሙሉ እንዲነድ 330 ግራም ጋዝ እኩል መበተን አለበት፤ ፍሪጃችሁ ያለው ሃምሳ ነው። ለቤት ፍሪጅ የዓለም አቀፉ ደረጃ ጣሪያውን 150 ግራም ላይ ያቆመው እንዲህ ያለውን ስሌት ይዞ ነው። ግን እዚህ አታቁሙ። የፍሪጁ ሆድ ራሱ 250 ሊትር ቢሆን ስንት ይበቃዋል? ስምንት ግራም! አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ፈሳሽ። ክፍሉ ደህና ሆኖ ሳጥኑ ግን ፈንጂ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ፋብሪካው የአር 600ኤ ፍሪጆችን ቴርሞስታት፣ የመብራት ማብሪያና ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሣውን ሪሌይ የሚያሽገው ወይም ከጋዙ መንገድ የሚያርቀው፤ በረዶ አቅላጭ ሂተሩም ከ360 ዲግሪ በላይ እንዳይግል የሚገደበው ጋዙ በ460 ዲግሪ ገደማ ራሱን በራሱ ስለሚያቀጣጥል ነው። ታዲያ ያን የታሸገ ሪሌይ አውልቀን ርካሽና ክፍት የሆነ ከመርካቶ ገዝተን ብንገጥም ፍሪጁ ይሠራል፤ አዎ፣ ያቀዘቅዛል። የጠፋው ነገር በዓይን አይታይም፣ ሪሌዩ በተነሣና በወደቀ ቁጥር ብልጭ የምትለዋ እሳት አሁን ክፍት ቦታ ላይ ነች። አይሶቡቴንን ለማቀጣጠል የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ሩብ ሚሊጁል ግድም ነው፤ በበጋው ደረቅ አየር የበር እጀታ ስትነኩ ጣታችሁን ጠቅ የሚያደርጋችሁ ኤሌክትሪክ ከዚያ ይበልጣል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ የእኛን ቤት ለይተው ይነኩታል። አንደኛው ሽታ ነው። የማብሰያ ሲሊንደር ሲያፈስ የሚሸታችሁ ጋዙ ራሱ አይደለም፤ እንድታውቁት ተብሎ የተጨመረበት ሜርካፕታን የሚባል ቅመም ነው። የፍሪጅ ጋዝ ንጹሕ መሆን ስላለበት ይህ አይጨመርበትም። አፍንጫችሁ ምንም አልነገረኝም ብላችሁ አትተማመኑ።

ሁለተኛው ቡና ነው። አትሳቁ። አይሶቡቴን ከአየር በእጥፍ፣ ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከቧንቧው ሲወጣ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል፣ በበር ሥር ሾልኮ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፣ የወለል ፍሳሽ ካገኘ ይገባበታል። አሁን እኛ ጋ እሳት የት ነው የሚቀመጠው? ወለል ላይ! ፍሪጅ ሠሪ ቤት ሲመጣ የቤቱ እመቤት ምን ያደርጋሉ? ከሰል ያቀጣጥላሉ፣ ጀበና ይጥዳሉ፣ ዕጣን ያጨሳሉ። "የኔ ልጅ፣ ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም!" ከዚህ የበለጠ ደግነት የለም፤ ግን ከሰሉ ያለው በትክክል ጋዙ በሚተኛበት ከፍታ ላይ ነው። ምድጃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላወራም ነበር። ቡናው ከሥራው በኋላ ይሁን፣ ዕጣኑም እንደዚያው። መብራት ከጠፋ ሻማ አታብሩላቸው፤ የስልክ መብራት ያዙላቸው። ምጣዱንም ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ያውም ቧንቧው ከመከፈቱ በፊት፤ ጋዙ ከወጣ በኋላ መንቀል ራሱ ብልጭታ ነው።

አሁን ወደዚያች ሰዓት። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ልምድ። ሃያ ዓመት ፍሪጅ የሠሩ ባለሙያ እጃቸው የሠለጠነው በማይነድ ጋዝ ነው። ቻርጂንግ ቧንቧውን ቆረጥ፣ ፍስስስ፣ ድምፁ ሲያልቅ የብየዳውን እሳት ለኮስ፣ ፊልተሩን አቅልጦ ማውጣት፣ አዲሱን መበየድ። በአር 134ኤ ይህ ለዓመታት ሠርቷል (ጋዙ በእሳት ሲነካ የሚወጣው ጭስ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ መሆኑን ለጊዜው እንተወው)። በአር 600ኤ ግን ያው የእጅ ቅልጥፍና ፊት ያቃጥላል። ጀማሪው ስለሚፈራ ይጠነቀቃል፤ እኔን የሚያሰጋኝ አንጋፋው ነው።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። ማሽኑ ከመብራት ይነቀላል፣ መስኮትና በር ይከፈታል፣ በሁለትና ሦስት ሜትር ዙሪያ እሳት የሚባል ነገር ይነሣል። ከተቻለ ፍሪጁ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ለሚኖር ሰው ይህን ማለት ከማድረጉ እንደሚቀል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ረጅም ጎማ ነው። ቧንቧው በመጋዝ አይቆረጥም፤ በሚበሳ ቫልቭ ይያዝና ጋዙ በጎማው በኩል በመስኮት ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ሃምሳ ግራም ሜዳ ላይ ወዲያው ይበተናል። ከመልቀቁ በፊት ግን አንገት አውጥቶ ወደ ታች ማየት ነው፤ ከሥር ያለው ጎረቤት በረንዳ ላይ ከሰል ቢያያይዝስ?

ጌጁ ዜሮ ነካ። አለቀ ማለት ነው? አላለቀም፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለውም እዚህ ላይ ነው። በኮምፕሬሰሩ ሆድ ያለው ዘይት አይሶቡቴንን በውስጡ አሟምቶ ይይዛል። አምቦ ውሃ ክዳኑ ተከፍቶ "ጭስ" ካለ በኋላም ከብርጭቆው ሥር አረፋ መውጣቱን እንደማያቆም፣ ዘይቱም ግፊቱ ከወረደ በኋላ ጋዙን ቀስ እያለ ይተፋዋል። ጌጁ ዜሮ እያለ፣ ድምፅ የለም፣ ሽታ የለም፣ እሳቱ ሲቀርብ ግን ቧንቧው አፍ ላይ ቦግ! ስለዚህ በቫክዩም ፓምፕ ተስቦ፣ ቀጥሎ ናይትሮጅን ይነፋበትና እንደገና ይሳባል። ፓምፑ የሚስበውን ጋዝ በራሱ አፍ እንደሚተፋም አትርሱ፤ መተፊያው በጎማ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ማብሪያና ማጥፊያውም ራቅ ካለ ሶኬት ላይ ይሁን።

ከዚያም በኋላ ቢሆን አሮጌው መገጣጠሚያ በእሳት አቅልጦ አይፈታም፤ በቧንቧ መቁረጫ ይቆረጣል። አዲሱ ሲበየድ ናይትሮጅን በቀስታ በውስጡ እየፈሰሰ ቢሆን ሁለት ጥቅም አለው፤ የቀረ ጋዝ ካለ ይገፋል፣ መዳቡም ከውስጥ ጥቁር ቅርፊት አያበጅም። እንዲያውም ያለ እሳት በመጭመቂያ የሚገጣጠሙ ቀለበቶች አሉ፤ ውድ ናቸው፣ መሣሪያቸውም እንደዚያው፣ ግን እሳት የሌለበት ጥገና ውስጥ የእሳት አደጋን መፈለግ አያስፈልግም። ሥራው ሲያልቅ ቻርጂንግ ቧንቧውን መዝጋት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም አሁን ማሽኑ በጋዝ ሙሉ ነው። በመጭመቂያ ፒንሳ ተቆንጥጦ፣ በሳሙና አረፋ ወይም በጋዝ ጠቋሚ አለማፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ጫፉ ይታሸጋል።

አሁን ደግሞ ለአዲስ አበባ ብቻ የሚሆን ምሥጢር። ጌጁ ላይ ሰማያዊውን ተመልከቱ፤ ከዜሮ በታች እስከ 30 የሚወርድ ቁጥር አለው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ባለሙያ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ሲስብለት መርፌው 30 አካባቢ ይደርስለታል። እዚህ ግን 22 ወይም 23 ላይ ይቆማል፤ ፓምፑ ሰንፎ አይደለም፣ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነና የእኛ አየር ራሱ ከዚያ በላይ ስለሌለው ነው። ያለ ጥፋቱ "ሞተ" ተብሎ የተጣለ ፓምፕ ስንት ይሆን? በሌላ በኩል መርፌው እዚያ ደረሰ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለትም አይደለም፤ ያን የሚናገረው ማይክሮን ጌጅ ነው።

አይሶቡቴን ሌላም ተንኮል አለው። ፍሪዘሩ ውስጥ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ሲፈላ ግፊቱ 58 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር 76 ነው። ማሽኑ እየሠራ ሳለ በዚያ በኩል ቀዳዳ ካለ ጋዙ አይወጣም፣ አየርና እርጥበት ይገባል! በሚሠራ ፍሪጅ ላይ ሳሙና ቀብቶ አረፋ የሚጠብቅ ሰው እስኪመሽ ይጠብቃል። ማሽኑ ይጥፋ፣ ወይም ባዶው ቧንቧ በናይትሮጅን ይነፋና ይፈተሽ። በዚሁ ምክንያት አር 600ኤ በጌጅ ግምት አይሞላም። በሚዛን ነው፣ ያውም ግራም በሚለይ ሚዛን። በአር 134ኤ 120 ግራም የሚወስድ ፍሪጅ በአይሶቡቴን ሃምሳ ገደማ ይበቃዋል፤ እጅ የለመደውን ያህል ከለቀቀ ከእጥፍ በላይ ገባ ማለት ነው።

ወጪ ለመቀነስ ስለሚደረጉት ብልጠቶች ደግሞ አጠር አድርጌ ልናገር፤ ሁሉንም አልቆጥራቸውም። የማብሰያ ሲሊንደር ጋዝ ፍሪጅ ውስጥ መሙላት፦ ቅልቅሉ አይታወቅም፣ እርጥበትና ሰልፈር አለው፣ ቀጭኗን ቧንቧ ይደፍናል፣ ኮምፕሬሰሩን ይጨርሳል። ለአር 134ኤ በተሠራ ፍሪጅ ላይ የሚነድ ጋዝ መሙላት፦ ሪሌዩም ቴርሞስታቱም ለዚህ አልታሸጉም፣ ወረቀቱም ይዋሻል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ "አይነድም" ብሎ እሳት ይለኩሳል። በኦክስጅን ነፍቶ መፈተሽ፦ ይህን በጭራሽ! ለብየዳ የመጣው የኦክስጅን ሲሊንደር እዚያው አጠገብ ስላለ እጅ ይሄድበታል፤ ኦክስጅንና የኮምፕሬሰር ዘይት ግፊት ውስጥ ሲገናኙ ክብሪት አያስፈልጋቸውም።

የወረቀቱ መዋሸት ቀልድ አይደለም። ኒውዚላንድ ውስጥ ታማሄሬ በሚባል ቦታ አንድ ትልቅ የምግብ ማቀዝቀዣ መጋዘን በፕሮፔን ላይ በተመሠረተ 400 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይሠራ ነበር። ጋዙ ሽታ አልተጨመረበትም፣ ሕንፃው ላይም የሚነድ ነገር አለ የሚል ምልክት አልነበረም። ኤፕሪል 2008 ላይ ማስጠንቀቂያ ደወል ሰምተው የሄዱ እሳት አደጋ ሠራተኞች ምን ውስጥ እንደቆሙ ሳያውቁ ፈነዳ፤ አንዱ ሞተ፣ ሰባት ቆሰሉ። በ2011 ደግሞ በመርከብ በሚጓጓዙ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ላይ ፍንዳታ ደርሶ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። ሲሊንደሩ አር 134ኤ ይላል፣ ውስጡ ግን ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ጋዝ ነበር፤ እሱ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር እንደነካው ራሱን የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል። እንግዲህ ያ ጋዝ ፍሪዮን ሲመጣ በመርዛማነቱ የተባረረው ነው፤ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ርካሽ ሲሊንደር ሲቀርብላችሁ ይህን አስቡ።

ስፕሊት ኤሲ ያላችሁ፣ ወይም ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ዘመድ ያላችሁ፣ አር 32ን ታገኙታላችሁ። እሱም ይነዳል፣ ግን ዳተኛ ነው፤ ከአየሩ 14 በመቶ በላይ ካልሆነ አይቀጣጠልም፣ እሳቱም በሰከንድ ሰባት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይጓዝም፤ ፕሮፔን 46 ይጓዛል። በዚህ ምክንያት ደረጃዎቹ ለብቻው "ቀለል ብሎ የሚነድ" የሚል ክፍል ፈጥረውለታል። መጠኑ ግን ብዙ ነው፣ ሲነድም የሚወጣው ጭስ አሲድ ነው። ከዚህ በተረፈ አንድ ጃፓኖች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት ነገር አለ፤ ኤሲ ሲነቀል ጋዙን ወደ ውጭው ክፍል ሰብስቦ መዝጋት የተለመደ ነው፣ ቧንቧው ቀዳዳ ካለው ግን ኮምፕሬሰሩ አየር ስቦ ከዘይት ጋር ይጨምቅና እንደ ናፍጣ ሞተር ይፈነዳል። ይህ በማይነድ ጋዝም ይሆናል።

አውሮፓ በ2024 ባጸደቀው ደንብ አሙቂዎቹን ጋዞች ከአነስተኛ ሂት ፓምፖች ደረጃ በደረጃ እያስወጣ ስለሆነ እዚያ ፕሮፔን፣ ማለትም አር 290፣ በየቤቱ የሚታወቅ ስም እየሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ በሙሉ ደጅ ይቀመጣል፣ ወደ ቤት የሚገባው ሙቅ ውሃ ብቻ ነው፤ ጋዙን ከቤት ማስወጣት ከሁሉም ጥንቃቄ ይቀላል። እኛ ጋ አር 290ን መጀመሪያ የምታዩት ሰፈራችሁ ሱቅ በር ላይ ባለው የለስላሳ ማቀዝቀዣ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ልብ ብላችሁ እዩት።

እናንተ ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ፍሪጅ ሠሪውን ስትደውሉላቸው የጋዙን ስም ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ናይትሮጅንና ሚዛን ይዘው እንዲመጡ። የናይትሮጅን ሲሊንደር በባጃጅ ጭኖ፣ ደረጃ አሸክሞ መምጣት ዋጋ አለው፤ "ጋዝ ብቻ ሞልተህ ሂድ፣ ቀንስልኝ" ስትሏቸው መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ሥራ ላይ ሳሉ ጋዝ በድንገት ከወጣ ማንም መብራት አያብራ፣ አያጥፋም፤ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። እሳት ከተነሣ 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው።

አንድ ነገር ቀረችኝ፤ ስለሞተው ፍሪጅ። "ቆራሌው!" ሲል ጠርታችሁ ትሸጡታላችሁ፣ እሱም ምናለሽ ተራ ይወስደዋል፣ እዚያ ኮምፕሬሰሩ ለመዳቡ ሲባል ይከፈታል፣ አንዳንዴም በእሳት። ፍሪጁ አልሠራም ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም፤ ሞተሩ ተቃጥሎ ቧንቧው ጤነኛ ከሆነ ሃምሳውም ግራም እዚያው ነው፣ ቢፈስ እንኳ ዘይቱ ውስጥ የተደበቀው አለ። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ባለሙያው ጋዙን ደጅ ላይ ያውጡላችሁ፣ ቧንቧውንም ክፍት ትተው ፍሪጁ እዚያው ሜዳ ላይ ይደር። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ላይ በማርከር "ጋዝ የለውም፣ ዘይቱ ግን አለ" ብላችሁ ጻፉበት፤ ቆራሌው ዋጋ አይቀንስባችሁም።